የእማሆይ ምርቃት

በጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ነበረ እንበል። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። በፊልም ዘመን ሥራ የጀመሩ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሲያጥቡ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክምባቸው ካሜራውን ለሁለት ወጣቶች አስረከቡና እሳቸው ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጡ። ወጣቶቹ ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። ብርሃን ያውቃሉ፤ የሙሽራ እናት ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ የምታብስባትን ቅጽበት ማንንም ሳይገፉ ያገኟታል። የሚለያዩት ማታ፣ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። አንዱ የጀመረውን ቶሎ ጨርሶ መነሣት ይወዳል፤ ፈጣኑ እንበለው። ሌላው በዓይኑ ሳያረጋግጥ ከወንበሩ አይነሣም፤ ዝምተኛው እንበለው።

ወሩ ጥር ነው። ጥር በጎንደር ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። በ10 ከተራ፣ በ11 ጥምቀት፣ በ12 ቃና ዘገሊላ፤ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ መቆሚያ ይጠፋል። ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ደግሞ ሰርጉ ይከተላል፤ ጾም ሳይገባ መዳር ያለበት ሁሉ ይዳራል። ፎቶ ቤት የዓመት እንጀራውን የሚያገኘው በዚህ ወር ነው። ካሜራ አይበቃም፣ ባትሪ አይበቃም፣ ከሁሉም በላይ ሚሞሪ አይበቃም።

ጾም ሊገባ ሲል፣ በአንድ እሑድ ሁለት ሰርግ ገጠመ። ጋሼ አንዱን ለፈጣኑ፣ አንዱን ለዝምተኛው ሰጡ። ለእያንዳንዱ ሰርግ ሁለት ካሜራ፤ አንዱ ሴቷ ቤት፣ አንዱ ወንዱ ቤት። ለእያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ባለ 64 ጊጋ ሚሞሪ። ማታ ሁሉም ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሶ የተቀረጸው በላፕቶፕ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ ሚሞሪዎቹም ባዶ ሆነው ለማግስቱ መልስ ይዘጋጃሉ። ሌላ ሚሞሪ የለም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ደክመው ገቡ። ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል፤ ልብሳቸው የድንኳን ጭስና የወጥ ሽታ ይዟል። በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ላፕቶፖቻቸውን ከፈቱ።

ፈጣኑ ካርድ ሪደሩን ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ሰካ። ሥራውን ያውቃል፤ በሰማያዊው ከሆነ ባለ 64 ጊጋ ሚሞሪ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ በድሮው በጥቁሩ ከሆነ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኤክስተርናሉ ላይ አንድ ፎልደር ከፈተና «የእሑዱ ሰርግ» ብሎ ሰየመው። መጀመሪያ የሴቷን ቤት ሁለት ሚሞሪዎች ገለበጠ። ያለምንም ችግር አለቁ። ቀጥሎ የወንዱን ቤት ሚሞሪ ሰካና እዚያው ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ላፕቶፑ ቆመና ጠየቀ።

ለምን እንደጠየቀ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። ካሜራ ለቀረጸው ሁሉ ስም የሚያወጣው በቁጥር ነው። የመጀመሪያው ሲ0001፣ ቀጥሎ ሲ0002፣ ሲ0003 እያለ ይሄዳል። ጭፈራም ይሁን ጸሎት ለካሜራው ያው ቁጥር ነው። ሴቷ ቤት የዋለው ካሜራና ወንዱ ቤት የዋለው ካሜራ አንድ ሞዴል ናቸው፤ ያን ዕለት ጧትም ሁለቱም ከሲ0001 ጀመሩ። ስለዚህ ፎልደሩ ውስጥ አስቀድሞ የገባው ሲ0001 ሙሽሪት ጸጉሯን ስትሠራ ነው፤ አሁን ሊገባ የመጣው ሲ0001 ደግሞ ሙሽራው ክራቫቱን ሲያስር። ስማቸው አንድ፣ ይዘታቸው ለየቅል። በአንድ ፎልደር ውስጥ ሁለት ፋይል በአንድ ስም መቀመጥ አይችልም። ላፕቶፑም «በዚህ ስም የተቀመጡ ፋይሎች አሉ፤ በአዲሶቹ ይተኩ?» አለ።

ፈጣኑ መስኮቷ ብቅ ስትል አያት፤ አላነበባትም። በቀን ስንቷ እንዲህ ያለች መስኮት ትወጣለች፤ እጁ መልሱን ለምዶታል። ለሁሉም «አዎ» አለና ሻይ ሊያፈላ ተነሣ። ተመልሶ የቀረውንም ሚሞሪ እንዲሁ ጨመረ። መስመሩ እስከ ጫፉ ሲሞላ አራቱንም ሚሞሪዎች በየተራ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ፎርማት አደረጋቸው፤ ኤክስተርናሉን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሊወጣ ሲል ፎልደሩን አንድ ጊዜ ቢነካው ኖሮ ቁጥሩ ራሱ ይነግረው ነበር። ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው አራት ሚሞሪዎች ተገልብጠው ከ220 ጊጋ በላይ መሆን ሲገባቸው፣ ፎልደሩ ውስጥ የነበረው ከ120 አይበልጥም። የሴቷ ቤት ቀን፣ ከጸጉር ሥራው እስከ መሸኛው ድረስ፣ በወንዱ ቤት ቀን ተተክቶ ጠፍቷል።

ዝምተኛው ገና ነው። ፈጣኑ ጃኬቱን እየለበሰ «አንተ ልጅ፣ ሰርጉ እኮ ካለቀ ቆየ» አለው።

«ያለቀው የእነሱ ነው» አለ ዝምተኛው፣ ቀና ሳይል።

እሱም ዘንድ ያቺው መስኮት ብቅ ብላ ነበር። እሱም ደክሞታል፣ እሱም ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ግን አነበባት። አንብቦም «ይቅር» አለና ሥራውን አቆመ። ከዚያ ቀኑን የያዘ አንድ ትልቅ ፎልደር ከፈተ፤ በውስጡ አራት ትንንሽ፦ ሴት ቤት አንድ፣ ሴት ቤት ሁለት፣ ወንድ ቤት አንድ፣ ወንድ ቤት ሁለት። ለእያንዳንዱ ሚሞሪ የራሱ ጎጆ። ኮፒ እንጂ ከት አይነካም፤ ከት የሚያደርግ ሰው መሐል መንገድ ላይ መብራት ቢሄድበት፣ ገመድ ቢነቀልበት፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀርበታል።

አንዱ ሚሞሪ ተገልብጦ ሲያልቅ በውስጡ ስንት ፋይል እንዳለና ስንት ጊጋ እንደሆነ አይቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን ፎልደር ያያል፤ ሁለቱን ያስተያያል። ቁጥሩ ቢገጥምም አይበቃውም። ሚሞሪውን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፤ አሁን የሚጫወተው ቪዲዮ ከኤክስተርናሉ እንጂ ከሚሞሪው እንዳልሆነ በዚህ እርግጠኛ ይሆናል። የመጀመሪያውን ፋይል ከፍቶ ያያል፣ ከመሐል አንዱን፣ ከዚያ የመጨረሻውን፤ የመጨረሻውን እስከ መዝጊያው ድረስ፣ ድምፁንም እየሰማ። ከዚያ ያንኑ ሚሞሪ እንደገና ይሰካና ወደ ሁለተኛ ኤክስተርናል ይገለብጣል። ከመጀመሪያው ኤክስተርናል አይደለም፣ ከራሱ ከሚሞሪው ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ ጉድለት ቢኖርበት ጉድለቱ ወደ ሁለተኛው እንዳይተላለፍ።

ሲጨርስም ገመዱን ዝም ብሎ አይነቅልም። ላፕቶፕ «ጨርሻለሁ» ካለ በኋላም ወደ ዲስኩ ገና ያልጻፈው ቅሪት በራሱ ዘንድ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ «አሁን መንቀል ይቻላል» እስኪለው ይጠብቃል። በእያንዳንዱ ሚሞሪ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ገፋት፤ እንዲህ ከሆነ ካሜራው ላዩ ላይ ሊጽፍበት አይችልም። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አንዱን ኤክስተርናል መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ፤ ሌላውን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ፤ አንድ ሌባ ወይም አንድ እሳት ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳያገኛቸው ነው። ጧት፣ እንቅልፍ ጠግቦ፣ መቆለፊያዎቹን መልሶ ከፍቶ ሚሞሪዎቹን በካሜራው ውስጥ ፎርማት አደረገ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሰርጉ ላይ ያልነበረ ኤዲተር የተሰጠውን ቀጣጥሎ፣ ዘፈን አልብሶ፣ አሳምሮ አመጣ። የሙሽሪት አባት ሊያዩ ፎቶ ቤቱ መጡ። ጋሼ ወንበር ሳቡላቸው። አባትየው የአማቻቸውን ቤት አዩ፣ ሚዜዎቹን አዩ፣ የመኪናውን ሰልፍ አዩ። ልጃቸው ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለችው ሙሽራው ከቤቷ ይዟት ሲወጣ ነው።

«የእኛ ቤት የት አለ?» አሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም።

«ሁሉንም አልጠየቅሁም» አሉ አባትየው፣ ቀስ ብለው። «እማሆይ ከገዳም የወጡት ለዚያች ቀን ነው። ሚዜዎቹ ሳይደርሱ እልፍኝ ውስጥ ሆነው ልጅቱ ጉልበታቸውን ስትስም የመረቁበት አለ። እሱን ብቻ አውጡልኝ።»

ፈጣኑ ያን ጊዜ ፊቱ ደም አልነበረበትም። ፎልደሩን ገለበጠው፣ ፈለገ፣ አጣ። ለጋሼም «ኮምፒውተሩ ተጠናቋል ብሎኛል» አላቸው።

«ከዚያ በፊትስ ምን አለህ?»

«ምንም።»

«ጠይቆሃል» አሉ ጋሼ። «ሳይጠይቅህ የአንዱን ቤት በሌላው አይተካም።»

ሚሞሪዎቹን አወጡ። ጋሼ በድሮው ሙያ ያደጉ ቢሆኑም ይህን ያውቃሉ፤ ፎርማት ማድረግ ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው የፋይሎቹን ዝርዝር ነው፤ ምስሉ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ካለበት አይነሣም። የጠፋ የሚመልስ ፕሮግራም ጫኑና ሌሊቱን ሙሉ አስፈለጉት። ነገር ግን በማግስቱ መልስ ተቀርጾበታል። የሴቷ ቤት የመጀመሪያው ሚሞሪ ዳር እስከ ዳር በመልሱ ጭፈራ ተሸፍኗል። ሁለተኛው ላይ መልሱ የያዘው ግማሹን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ከነሕይወቱ ተገኘ። እማሆይ ሲመርቁ ካሜራው አንድ ጊዜ ቆሞ እንደገና ተነሥቶ ነበርና፣ የተረፈው ፋይል የጀመረው ከዚያ ነው። ስክሪኑ ሲበራ ሙሽሪት ተንበርክካለች፤ የአንዲት አሮጊት እጅ ራሷ ላይ ነው፤ እልፍኙ ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ «አሜን!» ይላል። ከዚያ እልልታ። ምን ተብለው «አሜን» እንዳሉ የለም።

ፈጣኑ አባትየውን እግራቸው ላይ ወድቆ ለመነ። «አባባ፣ በራሴ ወጪ ገዳሙ ድረስ እሄዳለሁ። እማሆይን አስፈቅጄ እንደገና እንዲመርቁ አደርጋለሁ፤ እቀርጻቸዋለሁ» አለ።

አባትየው አነሡት። «ልጄ፣ እማሆይ እኮ ለካሜራ አልመረቁም» አሉት። ጋሼ የቆጠሩላቸውን ብርም አልተቀበሉም። «ያቺን አሜን የምትለዋን ብቻ በፍላሽ አድርጉልኝ» ብለው፣ ፍላሿን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ።

ምሳሌው እስከዚህ ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ የሚደመድመው አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን ፍቺው ፍጥነት አይመስለኝም። ዝምተኛውም ሰማያዊውን ቀዳዳ ነው የተጠቀመው፤ ፈጣን ገመድ ማንንም አልበደለም። ላፕቶፑንም መውቀስ አይቻልም፤ ግዴታውን ተወጥቶ ጠይቋል። እኔ የማየው ያቺን አንድ ሰዓት ነው። ካሜራው ከተዘጋ በኋላና ሁለተኛው ቅጂ ከመኖሩ በፊት፣ የአንድ ቤተሰብ ቀን በዓለም ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቴምብር በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ። በዚያች ሰዓት አደራውን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ከሁሉ ያነሰ የሚከፈለው፣ ከሁሉ ይበልጥ የደከመው ልጅ ነው። ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ ስንነጋገር እንውላለን፤ ስለዚያች ሰዓት ግን ማንም አያነሣም።

የዝምተኛው አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ብራና የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ጽፎ ሲጨርስ መጽሐፉ አላለቀለትም፤ ከእናቲቱ መጽሐፍ ጋር ተያይቶ ይታረማል። በብዙ ብራናዎቻችን ላይ በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳጉ በደቂቅ ፊደል ገብተው የምናያቸው ቃላት የዚያ እርማት ምስክሮች ናቸው፤ የተዘለለው ተገኝቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመርም ፊልሙ በአንድ ቦታ እንዲቀር አልተደረገም። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ አንዱ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተላከ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ዝርዝሩን ያዘጋጁት በዚያኛው ላይ ነው። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፣ ጦርነትም ተከተለ። መጽሐፉ የነበረበት ስፍራ የደረሰው ሁሉ ቢደርስበት፣ መልኩ በሁለት አህጉር ነበረ። ዝምተኛው አንዱን ኤክስተርናል መሳቢያ ውስጥ ትቶ ሌላውን ቤቱ ይዞት ሲገባ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ቅጂ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ትልልቆቹም ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2»ን ሲሠራ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ፊልሙ ከኮምፒውተሮቹ ላይ ይጠፋ ጀመር። ባክአፕ አለን ብለው ዘወር ሲሉ ባክአፑ በትክክል እየሠራ እንዳልነበረ ታወቀ። ያዳናቸው ጌሊን ሰስማን የተባለች የቴክኒክ ኃላፊ ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ስትሠራ በቤቷ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠችው ቅጂ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁን ለምትድሩ፣ ተዝካር ለምታወጡ፣ ልጅ ለምታስመርቁ፦ ቀብድ ስትከፍሉ ከካሜራው ዓይነት በፊት ይህን ጠይቁ። የተቀረጸው ያን ሌሊት በስንት ቦታ ያድራል? ማን ከፍቶ ያየዋል? ሚሞሪው መቼ ይጠፋል? አፍሮ የሚመልስላችሁ ፎቶ ቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ለፎቶ ቤት ባለቤቶችም የምለው አለኝ። በምሳሌው ውስጥ ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ ግን ከተጠያቂነት አላወጣቸውም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለን ወጣት «ዛሬ ሌሊት ገልብጠህ ነገ በዚሁ ሚሞሪ ቅረጽ» ያሉት እሳቸው ናቸው። የተጨማሪ አራት ሚሞሪ ዋጋ ለአንድ ሰርግ ከሚቀበሉት ገንዘብ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ለመልሱ ሌላ ሚሞሪ ኖሮ ቢሆን፣ ፈጣኑ ያቺን ሌሊት ምንም ቢሳሳት የሴቷ ቤት ሚሞሪዎች ሳይነኩ መሳቢያ ውስጥ ይገኙ ነበር፤ አባትየው «የእኛ ቤት የት አለ?» ሲሉ ጋሼ መሳቢያውን ስበው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምርቃቱን ከነቃሉ ያሰሟቸው ነበር።